ዓይኗ ያልተከፈተው የሰመራዋ ተማሪ

ከዚህ በፊት ጽፌ አላውቅም። ጻፍኩ ከተባለ በሆቴላችን መዝገብ ላይ የእንግዶች ስም፣ ለሱቅ የምላክበት ዝርዝር፣ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁም ስለ ንጽሕና አንድ ገጽ ድርሰት ነው። ስለዚህ ያበላሸሁት ካለ አንባቢ ይለፈኝ። የሄድኩትም ሩቅ አይደለም። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነስቼ ሰመራ ነው የደረስኩት፤ ሾፌሮች በሳምንት ሁለቴ የሚመላለሱበት መንገድ ነው። እኔ ግን ወደ አዋሽ ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ከከተማው ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር።

ረቡዕ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ

ሽንኩርት የጫነው አይሱዙ ሆቴላችን በር ላይ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ከጀርባው ተሳቢ መኪኖች እስከ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ድረስ ተሰልፈዋል። ሾፌሮች ጎማ ላይ ጆግ አስቀምጠው ፊታቸውን ይታጠባሉ፤ አንዱ መፋቂያውን አፉ ውስጥ እንደያዘ በስልክ ይጨቃጨቃል። ከገደሉ በኩል ቀዝቃዛ ንፋስ ይመጣል። ይህ ንፋስ የሚቆየው ፀሐይ እስክትወጣ ነው፤ ከዚያ በኋላ በአዋሽ ማንም ስለ ብርድ አያወራም።

መኪናው የአያ ሁሴን ነው። የአሠሪዬ የእትዬ ዘይነብ የአክስት ልጅ ነው፤ የባቲ ሰው። ሽንኩርት ወደ ሎጊያ ያመላልሳል። እትዬ ዘይነብ ነጠላዋን ተከናንባ እስከ በር ሸኘችኝ፤ ሁለት የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ በፌስታል ሰጠችኝ። እጄን ግን አልለቀቀችም።

«እናትሽ፣ አላህ ይርሐማትና፣ ጣዖት ለማየት ይህን ሁሉ አገር ስታቋርጪ ብታይሽ ምን ትል ነበር?»

«ለማየት ብቻ ነው» አልኳት።

አያ ሁሴን ከመሪው ላይ ሆኖ «ተያት» አላት። «እኔ በየሳምንቱ ጥላዋ ሥር ቁጭ ብዬ ጫማዬን አራግፋለሁ። እስከ ዛሬ ስሰግድላት ያየኝ የለም።»

«አንተ ለማን ሰግደህ ታውቃለህ» አለችው፤ እጄንም ለቀቀችኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። ሰመራ ውስጥ አንድ የሙያ ማሰልጠኛ አለ፤ እዚያ ብየዳ የሚያስተምር መምህር ራጉ የሚባል ህንዳዊ ነበር። ዕድሜው ከስድሳ አምስት አያንስም። ወደ አዲስ አበባ ሲወጣና ሲመለስ እኛ ሆቴል ያድራል፤ ጉልበቱ ደረጃ ስለማይወድ ሁልጊዜ ምድር ቤት ያለችውን ስድስት ቁጥርን ነው የምሰጠው። አማርኛ የጀመረው ከአክብሮቱ ስለሆነ ሁሉንም ሰው «እርስዎ» ይላል፤ እኔን፣ የጥበቃውን ልጅ፣ ድመቷንም ጭምር።

አንድ ቀን በረንዳ ላይ ሻይ ሳቀርብለት ወደ ገደሉ እያየ «ይህ ወንዝ የት ይሄዳል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ባሕር» አልኩት። የመሰለኝን ነው የተናገርኩት።

«አይደርስም» አለ። «አፋምቦ በኩል ሄዶ ሐይቅ ውስጥ ይገባል፤ እዚያው ያልቃል። በእኛ አገርም እንዲህ ያለ ወንዝ ነበር ይባላል፤ ባሕር ሳይደርስ አሸዋ የዋጠው። ስሙ ሳራስዋቲ።» ከዚያ በስልኩ ፎቶ አሳየኝ። ሳራስዋቲ የወንዙ ስም ብቻ አይደለችም፤ ሂንዱዎች የሚያመልኳት የትምህርትና የዜማ አምላክ ናት። እሱና ተማሪዎቹ በጅቡቲ መንገድ ላይ ተገልብጠው ከቀሩ መኪኖች ብረት ለቅመው ሐውልቷን ይሠሩ ነበር። ፎቶው ላይ ገና ጭንቅላት የላትም። አራት እጅ ግን አላት፤ በአንዱ እጇ መጽሐፍ ይዛለች። ፎቶውን ከሚገባው በላይ ሳላየው አልቀርም፤ ሻዩ ቀዘቀዘ።

«አሥረኛ ክፍል ጨርሰዋል?» አለኝ።

ትሪ ይዣለሁ። ሽማግሌ ነው፤ እንግዳ ነው፤ ጥያቄውም ደስ ብሎት የጠየቀው ጥያቄ ነው። ራሴን ወደ ታች ነቀነቅሁ። ሌላ ምንም አልተናገርኩም። ግን ያቺ ንቅናቄ እያደገች ሄደች። ሐውልቱ አልቆ ከቆመ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ባለፈው ሳምንት፣ በሆቴሉ ስልክ ደወለልኝ። ማሰልጠኛው የቤተ መጻሕፍት ሥራ የሚያስተምርበት የስድስት ወር ኮርስ ሊጀምር ነው፤ ስሜን አስይዞልኛል፤ የአሥረኛ ክፍል ወረቀቴን ይዤ እንድመጣ። እሱ ሐሙስ ቀን ወደ አገሩ ጠቅልሎ ስለሚሄድ ከዚያ በፊት ይድረሱ አለኝ። «እሷንም ያይዋታል» ብሎ ዘጋ።

በቦርሳዬ የያዝኩት የስድስተኛ ክፍል ካርዴን ነው። ሌላ ወረቀት የለኝም። እውነቱን በስልክ መናገር ስላልቻልኩ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ ብዬ ነው የተነሳሁት። ፊት ለፊት እንደሚብስ የገባኝ መኪናው አዋሽ አርባን ካለፈ በኋላ ነው።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል፣ ገዋኔ

ከአዋሽ እስከ ገዋኔ ያየሁት ይህን ነው። አስፋልት፣ እሾህ፣ ጥቁር ድንጋይ፣ ከሰል በማዳበሪያ ተሞልቶ መንገድ ዳር። አርባ የሚሆኑ ግመሎች መንገዱን እንደ ግቢያቸው ይዘውት፤ ከፊት ያለችው ዞር ብላ አየችንና በራሷ ጊዜ ሄደች። አያሉ ተራራ ሩቅ ነው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ተጉዘን እንኳ አይቀርብም።

ገዋኔ ላይ ፉል በላን። እኔ ወንዶች ፊት መብላት ስለማልችል ወደ ግድግዳው ዞሬ ተቀመጥኩ። የሆቴሉ ሴትዮ «ግድግዳው ራበው እንዴ፣ ታጎርሺዋለሽ?» አለችኝ፤ አያ ሁሴን ሻዩ ትን አለው።

በመንገዱ ማዶ ተማሪዎች ይሄዳሉ። ዩኒፎርማቸው ሰማያዊ ነው፤ ሴቶቹ ሻሻቸው ነጭ። አንዷ ደብተሮቿን ደረቷ ላይ አቅፋ ስትሮጥ አየሁና ፉሉን ተውኩት። በየዓመቱ መስከረም ላይ የእትዬ ዘይነብን ልጅ ደብተሮች የምለብደው እኔ ነኝ። ሥራው የእኔ አይደለም፤ ለምኜ ነው የምወስደው። አዲስ ደብተር ሲገለጥ የሚሸተውን ሽታ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ እኔ ግን በዓመት አንድ ቀን ለዚህ ብዬ በር ዘግቼ እቀመጣለሁ። አሥራ ሁለት ደብተር ለብጄ ጠርዛቸውን አስተካክዬ እደረድራለሁ፤ በማግስቱ ልጅቷ ይዛቸው ትሄዳለች።

እኔም ለሰባተኛ ክፍል ደብተር ተገዝቶልኝ ነበር። እናቴ ያን ክረምት ታመመች፤ መስከረም ሳይገባ አረፈች። ደብተሮቹን ታናሽ ወንድሜ ተማረባቸው።

ከረፋዱ 4 ሰዓት፣ ወደ አዳይቱ ስንሄድ

ከገዋኔ ትንሽ እንደወጣን አንድ የአፋር ሽማግሌ ዱላውን በትከሻው ላይ አግድሞ፣ ሁለት እጁን አንጠልጥሎበት መንገድ ዳር ቆሟል። አያ ሁሴን አቆመለት። ሽማግሌው ጋቢና ሲገባ እኔ መሃል ሆንኩ። ሽርጡ ንጹህ ነው፤ ወገቡ ላይ ያለው ጊሌ፣ የአፋር ጩቤው፣ በየጉድጓዱ ጉልበቴን ይነካኛል።

ሁለቱ እጅ ለእጅ ተሳሳሙ። ከዚያ በአፋርኛ ረጅም ወሬ ያዙ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፣ «ኤ፣ ኤ» ብቻ ይላል። ተራው ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል። ይህንን በአዋሽም አውቀዋለሁ፤ ዳጉ ይሉታል። መንገድ ላይ የተገናኘ ሰው ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይናገራል፤ ያየውን ለብቻ፣ የሰማውን ለብቻ። ዝናብ የት እንደዘነበ፣ ማን እንደሞተ፣ ግመል የት እንደጠፋ። ውሸት የተናገረ ሰው ከዚያ በኋላ ማንም ወሬ አይቀበለውም። እኔን ግን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረ። በአማርኛ «አንቺስ? ከየት ነው? ምን አየሽ?» አለኝ።

«ምንም።»

አያ ሁሴን ሳቀ። «ምንም አይባልም ልጄ። መኪናዬ ላይ የጫንኩት ሽማግሌ ዳጉ ቀርቶበት ቢወርድ እኔ ነኝ የምታማው።»

ከአዋሽ መምጣቴን ነገርኩት። ግመሎቹን ነገርኩት። ከሰሉን፣ ተማሪዎቹን። እሱ «ኤ» ይላል፤ ይጠብቃል።

«የት ትሄጃለሽ?»

«ሰመራ። ህንዱ መምህር ጋ።»

«ምን ልትሆኚ?»

«ትምህርት ሊያስገባኝ ነው።» እሱ «ኤ» ብሎ ይጠብቃል። «አሥረኛ ክፍል የጨረስኩ መስሎታል። የጨረስኩት ስድስተኛ ነው» አልኩ።

ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። የተናገርኩትም ስሙን ለማላውቀው ሰው ነው።

አያ ሁሴን መንገዱን ትቶ እኔን አየኝ። «አሥረኛ አልነበረም እንዴ?»

«አይደለም አያ ሁሴን።»

«ዘይነብ አሥረኛ የጨረሰች ሠራተኛ አለችኝ እያለች ለሰባት ኪሎ ሁሉ ስታወራ?»

«እሷም ከመምህሩ ነው የሰማችው።»

«ያ አላህ። እኔስ ለሎጊያ ሁሉ ነግሬያለሁ።»

ሽማግሌው ጨዋታችንን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። «ስድስተኛ ያልሽው» አለኝ፣ «ያየሽው ነው የሰማሽው?»

«ያየሁት።»

«ጥሩ» አለ። እንደ ዝናብ ወሬ ተቀበለኝ፤ አልፈረደብኝም፣ አላጽናናኝም። ከዚያ የእሱ ተራ ሆነ። «እኔ ትናንት ሰመራ ነበርኩ። ያየሁት፤ ህንዱ አልጋውን ለጎረቤት ሲሰጥ፣ መጽሐፍ በካርቶን ሲያስር አይቻለሁ። የሰማሁት፤ የሚሄድበት ቀን ተለውጧል። ነገ አይደለም፤ ዛሬ በአሥር ሰዓት አውሮፕላን ነው ብለዋል። ይህን አላየሁትም።»

አያ ሁሴን ሰዓቱን አየ። እኔ እጄን አየሁ። አዳይቱ ላይ ሽማግሌው ወረደ፤ አልተሰናበተም፤ ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ እሾሁ ውስጥ ገባ።

ቀትር 6 ሰዓት፣ ሚሌ

ሚሌ ላይ መኪና ሁሉ ይፈተሻል፤ ወረፋው ረጅም ነው። ሙቀቱ ከላይ የሚመጣ አይመስልም፤ ከአስፋልቱ ተነስቶ በሽርጥ ውስጥ፣ በሻሽ ውስጥ ይገባል። ቀዝቃዛ ውሃ ሠላሳ ብር። አንዲት ሴት ፍየል በሩዝ ትሸጣለች፤ ሾፌሮች በመኪኖቻቸው ጥላ ተቀምጠው በእጃቸው ይበላሉ። አያ ሁሴንም በላ። እኔ ሰዓት ስቆጥር ነበር።

ከወረፋው ሆኜ ወደ ግራ የሚታጠፈውን መንገድ አያለሁ። የእኔ አገር መንገድ ነው። በዚያ ተሂዶ ባቲ፣ ከባቲም ሽቅብ ነው። ትምህርት ቤቴ ከባቲ በላይ ነው፤ ደወሉ የመኪና ቸርኬ ነበር፣ በድንጋይ የሚመታ። ከዚህ ቆሜ ሳየው መንገዱ ወደ ተራራው እየወጣ ይቀጥናል፤ ከዚያ ሰማያዊ ይሆናል፤ ከዚያ አይታይም። ስወርድበት አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ የተኛሁት እዚያ ላይ ሆኜ ነው፤ ስነቃ ሚሌ ነበርን። ከዚያ ወዲህ ተመልሼ አላየሁትም። አሁንም ካርዴን ይዤ ዘወር ብል የምቀጥል እየመሰለኝ ነበር፤ ሰባተኛ ሀ ክፍል በሩ ክፍት ሆኖ የሚጠብቀኝ።

«ደውይለት» አለ አያ ሁሴን። «መምጣትሽን ይወቅ።»

«እሺ» አልኩና አልደወልኩም።

«ደውይ አንቺ ልጅ። አውሮፕላን እንደ አይሱዙ በእጅ ምልክት አይቆምም።»

ደወልኩ። አንዴ ጠራ፣ ሁለቴ ጠራ፣ «ሃሎ?» አለ መምህር ራጉ። ድምፁን ስሰማ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ። «ሃሎ? ማን ነዎት?» ዘጋሁት።

ስልኩ ተመልሶ ጠራ። እጄ ላይ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። አያ ሁሴን በሩዝ የተቀባ እጁን በሱሪው ጠርጎ ወሰደብኝ።

«ጋሽ ራጉ፣ ሁሴን ነኝ፣ የሽንኩርቱ። አዎ። ልጅቷ መጥታለች፣ ሰዓዳ። አዎ፣ እሷ ናት የደወለችው። እሷ ናት የዘጋችውም። ሚሌ ነን። ተማሪዋ ጋ ጠብቃት።»

ተማሪዋ የሚላት ማንን እንደሆነ ጠየቅኩት። «ሐውልቷ ናታ» አለ። «ሰው ስሟን መጥራት ስለቸገረው፣ መጽሐፍም ስለያዘች፣ ተማሪዋ ተብላ ቀረች።»

ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል፣ ሰመራ

አያ ሁሴን ሽንኩርቱን ለማራገፍ ሎጊያ ቀረ፤ በማግስቱ ጠዋት እዚያው ካሉት ዘመዶቹ ቤት እንድገኝ ነግሮኝ ለባጃጅ ሰጠኝ። ባጃጁ ውስጥ ሦስት ሴቶች አሉ። «ተማሪዋ ጋ» ማለት አቅቶኝ ላልፍ ነበር፤ ደግነቱ አንዷ ሴትዮ ራሷ እዚያ ወራጅ ነበረች።

ሰመራ ሰፊ ናት። መንገዱ ሰፊ፣ ሰማዩ ሰፊ፣ በቤትና በቤት መካከል ያለው ሜዳ ሰፊ። ዛፉ ግን ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ጥላ ያለበት ቦታ ሁሉ ሰው አለ። መጀመሪያ ያየሁት ሐውልቷን ሳይሆን ጥላዋን ነው። በጥላዋ ውስጥ አንድ ሰው ፊቱን በሽርጥ ሸፍኖ ተኝቷል፤ ሁለት ሴቶች ውሃ በበረዶ ሳጥን ይሸጣሉ፤ አንድ የባጃጅ ሾፌር ጎማ ይነፋል፤ አራት ፍየሎች ካርቶን ይበላሉ።

ከዚያ ቀና አልኩ።

ቁመቷ ከሆቴላችን ፎቅ አያንስም። የተቀመጠችው በአንድ ትልቅ ወፍ ላይ ነው፤ የወፉ ክንፍ የመኪና ባሌስትራ ነው፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተደረበ። ቀሚሷ ላሜራ ነው፤ የመኪናው ቀለም አንዳንድ ቦታ አልለቀቀም፣ ቀይም ሰማያዊም አለው። በሁለት እጇ እንደ ክራር ያለ ረጅም ነገር ይዛለች፤ አንገቱ የጭስ ማውጫ ቱቦ፣ ማርሚታ ነው። በሦስተኛው እጇ መቁጠሪያ፣ ፍሬዎቹ ኩሽኔታ ናቸው። በአራተኛው መጽሐፉ። ጸጉሯ ካቴና፣ የመኪና ሰንሰለት ነው፤ እስከ ወገቧ ይወርዳል፤ ንፋስ ሲመጣ ቀስ ብሎ ይንኳኳል። ብየዳው ከሩቅ አይታይም፤ ስጠጋ ግን አንዱ ቦታ እንደ ጥሩ ስፌት ቀጥ ብሎ፣ ሌላው ቦታ ተጣሞ አየሁ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ አንድ ክንድ ላይ ሠርተዋል።

ዓይኗ ዝግ ነው። የተኛች አትመስልም። የሚነግሯትን ለመስማት ዓይኗን የጨፈነች ሴት ትመስላለች።

«ዛፉን አትደገፊ፣ አጠጥቼዋለሁ» አለኝ አንድ ሰው። የቦታው ጠባቂ ሐመዱ ነው፤ የውሃ ጎማ ይዞ አዳዲስ የኒም ዛፎችን ያጠጣል። አጠገቡ መምህር ራጉ ቆሟል፤ ሻንጣውና አንድ ካርቶን ባጃጅ ውስጥ ነው። አንዷ ፍየል ወደ ካርቶኑ አንገቷን አስግጋለች። «እባክዎ ይሂዱ» ይላታል፤ ፍየሏ አትሰማም። ሐመዱ በውሃ አባረራት።

«ደረሱ» አለኝ መምህር ራጉ። በጣም ደስ ብሎታል። ያ ነው የጎዳኝ።

እኔ ከሁሉ በፊት ሌላ ነገር ጠየቅኩ፤ ጊዜ ለመግዛት ነው መሰለኝ። «ዓይኗን ለምን አልከፈቱትም?»

ሐመዱ ቀደመው። «ስትቆም ሽማግሌዎች መጡ። ይህ የሚመለክ ነው ወይ ብለው ጠየቁት። እኔ ነበርኩ፤ አይቻለሁ። እሱ እንዲህ አለ፤ በእኛ ልማድ ዓይን የሚቀረጸው በመጨረሻ ነው፣ በጸሎት። ዓይኗ እስኪከፈት ድረስ አምላክ አይደለችም፣ ብረት ናት። እንግዲያው አትክፈትና ትቁም አሉት። ቆመች። ብረት ናት።» የወፉን ክንፍ በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ የተኛው ሰው ሽርጡ ውስጥ አጉረመረመ።

«አልከበደዎትም?» አልኩት መምህሩን።

«ዓይን በጣም እወድ ነበር ለመሥራት» አለ። «ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። ግን የሰው አገር ነው፤ ጥላውን ፈቀዱልኝ።» እጁን ዘረጋ። «ወረቀቱን ያምጡ፣ ለሐላፊው ራሴ ላድርስ። ሃያ ደቂቃ አለኝ።»

ካርዱን ከላስቲኩ አውጥቼ ሰጠሁት። መነጽሩን አደረገ። አነበበ። ገለበጠው። እንደገና አነበበ። እኔ የካቴናውን ጸጉር አያለሁ።

«ስድስተኛ» አለ።

«አዎ።»

«አሥረኛ ብለውኝ ነበር።»

«አላልኩም መምህር። ራሴን ነቀነቅሁ።»

መሳቅ ጀመረ፤ መነጽሩን አወለቀ። «በእኛ አገር እኛም እንነቀንቃለን። አዎም ነው፣ አይደለምም ነው፣ እሰማለሁም ነው። አራት ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼ አልገባቸውም። እኔ ግን የእርስዎን እንዴት አመንኩ? እንደገና መጠየቅ ነበረብኝ።»

ሳቁ ሲያልቅ ፊቱ ተለወጠ። ቦታው እንደማይገኝ ነገረኝ። ደንቡ አሥረኛ ነው፤ እሱ ቢለምንም፣ እኔ ብለምንም አይሆንም፤ ከእኔ ቀጥሎ ያለችው ልጅ ትገባለች። ይህን ሲናገር አላድበሰበሰም። ከአዋሽ ጀምሮ ይህን እንደምሰማ አውቅ ነበር። ግን እስኪናገረው ድረስ፣ እዚያው ጥላ ውስጥ ቆሜ እንኳ፣ ምናልባት እያልኩ ነበር። መጽሐፍ የተደረደረበት ክፍል፣ ቁልፉ በእኔ እጅ። ከሳምንት ጀምሮ ማታ ማታ በሐሳቤ መደርደሪያውን ስጠርግ ነበር።

«ሁለተኛ ነው የወጡት» አለ ካርዱን እያየ። «ከስንት?»

«ከሃምሳ ስምንት።»

«አዋሽ ላይ ሰባተኛ የለም?»

«የማታ አለ። ከሥራ በኋላ፣ ከአሥራ አንድ ተኩል ጀምሮ።»

«እና?»

«ሃያ አራት ዓመቴ ነው። አብረውኝ የሚቀመጡት ልጆች ናቸው። ስም ሲጠራ አቤት ማለት አለ።»

አቤት ማለት ያልኩት ሌላውን ሰው ያስቃል። እሱ አልሳቀም። «እኔ አማርኛ የጀመርኩት በስድሳ አንድ ዓመቴ ነው» አለ። «ጎረቤቴ ባለሱቅ የልጁን የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ አዋሰኝ። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሲያርመኝ ጆሮዬን ይይዝ ነበር።»

«አሁንም ሊያዝ ይገባል» አለ ሐመዱ። «ፍየሏን እርስዎ ይላታል።»

ሐውልቷ የያዘችው መጽሐፍ ገጹ ባዶ ላሜራ ነው። ተማሪዎቹ በአፋርኛ ይጻፍ፣ በአማርኛ ይጻፍ፣ በህንድ ፊደል ይጻፍ እያሉ ሳይስማሙ ቀሩ አለኝ ሐመዱ። አሁን የሰፈር ልጆች በወፉ ላይ ተንጠላጥለው በጠመኔ ይጽፉበታል፤ የዚያን ቀን የማባዛት ሠንጠረዥ ነበር፤ የሰባት። ሐመዱ አርብ አርብ ያጥበዋል። መምህር ራጉ ከኪሱ ትንሽ ጠመኔ አውጥቶ ሰጠኝና በአገጩ ወደ ላይ አመለከተኝ።

በአገሩ ልጅ ትምህርት ሲጀምር ትልቅ ሰው ጣቱን ይዞ የመጀመሪያዋን ፊደል ሩዝ ላይ ያጽፈዋል፤ ይህ የሚደረግበት የበዓል ቀን ሲመጣ የዩኒቨርሲቲ መምህራንም ሳይቀሩ በየዓመቱ እንደገና ይጽፏታል ብሎ ነገረኝ። «ሩዝ የለንም። ይህ አለ።»

ውሃ ሻጮቹ እያዩኝ ነው። የባጃጁ ሾፌር እያየኝ ነው። የተኛው ሰው እንኳ ሽርጡን ገልጦ አንድ ዓይኑን አውጥቷል። ጠመኔውን ያዝኩት፤ ላብ አርሶት እጄ ነጭ ሆነ። ወደ ወፉ አንድ እርምጃ ሄድኩ። ከዚያ አልቻልኩም። ከወፉ ላይ ወጥቼ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው በላይ ቆሜ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ መጻፍ አልቻልኩም። አልጻፍኩም። እንዲህ ሆነ ብዬ ልዋሽ እችል ነበር፤ ግን ሽማግሌው ያየሽው ነው የሰማሽው ቢለኝ ምን እላለሁ።

«ይቅርታ» አልኩት።

«ግድ የለም» አለ። ካርዱን በሁለት እጁ መለሰልኝ፤ እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

የባጃጁ ሾፌር ክላክስ ነፋ። ሐመዱ ጎማውን ጥሎ መጣና ተቃቀፉ፤ እጅ ለእጅ ተሳሳሙ፤ እንደ ወንድማማች። መምህር ራጉ ወደ ሐውልቷ ዞረ። የጸለየ አልመሰለኝም፤ ቀሚሷ ላይ የቀረውን የመኪና ቀለም በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ ዝገት እንደሆነ ለማየት። ከዚያ ጉልበቱን ይዞ በዝግታ ባጃጅ ውስጥ ገባ፤ ካርቶኑን ጭኑ ላይ አደረገ።

ባጃጁ ሲነሳ አጠገቡ ጥቂት ሄድኩ። የማታው ትምህርት ምዝገባ ሰኞ እንደሆነ ነገርኩት፤ እንደምሄድ ግን አልነገርኩትም፤ ገና ያላየሁት ነገር ነው። ሰባተኛን ብጀምር እንኳ እንደምጨርስ አላውቅም አልኩት። ድምፄ ከሞተሩ በላይ መውጣቱን አላውቅም። እሱ ግን ሰምቷል፤ ራሱን ወደ ውጭ አውጥቶ ወደ ኋላ እያየኝ እንዲህ አለኝ፤

«ሲጨርሱ ይጻፉልኝ። ሳይጨርሱም ይጻፉልኝ።»